ምን አለኝና ላመስግን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በአገራችን ሁለት ሰዎች ጠዋት መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ «እንዴት አደርክ?» ይላል፤ ሌላው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልሳል። ቤቱ የታመመ ሰው ቢኖርም፣ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኑ ባይዞርም፣ መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው ምስጋና ነው። ችግሩን የሚያወራው ከዚያ በኋላ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ሃይማኖታቸውን በሰላምታቸው ውስጥ አስቀምጠውልን ነው ያለፉት። ታዲያ ብዙ ጊዜ የሚባል ነገር ይለመዳልና፣ ይህም ቃል በምላሳችን ላይ እያለ ከልባችን የሚርቅበት ጊዜ አለ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ካልን በኋላ «ስለ ምን አመሰገንክ?» ብንባል መልስ ያጥረናል።

ከንስሓ ልጆች ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄም አለ፤ «አባቴ፣ ምን አለኝና ላመስግን?» የሚል። ይህን የሚጠይቁት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ጠዋት ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ማታ ባዶ እጁን የሚመለስ የቀን ሠራተኛ አለ። ልጇ ዓረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ የጠፋባት እናት አለች። ከጠበል ወደ ሐኪም ቤት፣ ከሐኪም ቤት ወደ ጠበል ሲመላለስ ዓመት የሞላው ሕመምተኛ አለ። በጾም ወራት ደግሞ ሰውነት ይደክማል፤ ጥያቄውም ይበረታል። እንዲህ ያለውን ሰው «አመስግን እንጂ!» ብሎ መገሠጽ ቀላል ነው፤ ግን አያንጽም። ስለዚህ ጥያቄውን ይዘን ቤተ ክርስቲያናችን የምታስተምረውን አብረን እንመልከት።

1. ምስጋና የሚገባ ነገር ነው

በሥርዐተ ቅዳሴያችን ከመጀመሪያዎቹ ጸሎቶች አንዱ የቅዱስ ባስልዮስ ጸሎተ አኮቴት ነው። «አኮቴት» በግእዝ ምስጋና ማለት ነው። ይህን ጸሎት ልብ ብላችሁ ስሙት። ምስጋናው ስለ ቤት፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ሹመት አይደለም። እግዚአብሔር ስለ ጠበቀን፣ ስለ ረዳን፣ ወደ እርሱ ስላቀረበን፣ እስከዚያች ሰዓት ስላደረሰን ነው የሚያመሰግነው። ባለጠጋውም ለማኙም አንድ ላይ ቆመው ይሰሙታል፤ «ይህ እኔን አይመለከተኝም» የሚል ሰው አይገኝም። ቤተ መቅደስ ደርሶ የቆመ ሁሉ እስከዚያች ሰዓት ደርሷልና።

ወደ ፍሬ ቅዳሴው ስንገባም ካህኑ እግዚአብሔርን እናመስግን ብሎ ይጋብዛል። ሕዝቡም ይህ እውነት ነው፣ ይገባልም ብሎ ይመልሳል። ይህ ምላሽ የካህኑ አይደለም፤ የእናንተ የምእመናን ነው። «ይገባል» ማለት ምን ማለት ነው? ዛሬ ደስ ብሎናል ማለት አይደለም። የሚገባ ነገር ሲከፋንም ይገባል። ልጅ ቢቆጣም አባቱን «አባቴ» ማለቱ አይቀርም፤ አባቱ ነዋ! ምስጋናም እንዲሁ በስሜታችን መውጣትና መውረድ ላይ የተመሠረተ አይደለም። መሠረቱ የእግዚአብሔር አምላክነትና ቸርነት ነው።

2. ጌታችን ያመሰገነባቸው ሦስት ጊዜያት

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ለአርአያነት ያመሰገነባቸውን ጊዜያት በወንጌል ብንፈልግ፣ የምንገረምበት ነገር እናገኛለን።

የመጀመሪያው በምድረ በዳ ነው (ዮሐ. 6፥1-13)። አምስት ሺህ ወንዶች ተቀምጠዋል፤ ያለው አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ ብቻ ነው። የገብስ እንጀራ ያን ጊዜ የድሃ ምግብ ነበር። ጌታችን ያመሰገነው አሥራ ሁለቱ መሶብ ቁርስራሽ ከተሰበሰበ በኋላ አይደለም። ገና ጥቂት ሳለ አመሰገነ።

ሁለተኛው በአልዓዛር መቃብር አጠገብ ነው (ዮሐ. 11፥35-44)። በዚያ አስቀድሞ እንባውን አፈሰሰ። ከዚያም ድንጋዩ ከተነሣ በኋላ፣ አልዓዛር ገና ሳይወጣ፣ ወደ ላይ አንጋጦ አባቱን አመሰገነ። እንባውና ምስጋናው በአንድ ቦታ፣ በአንድ ቀን ሆኑ።

ሦስተኛው አልፎ በተሰጠባት በዚያች ሌሊት ነው (1ኛ ቆሮ. 11፥23-24)። ይሁዳ እንደሚሸጠው፣ ጴጥሮስ እንደሚክደው እያወቀ እንጀራውን አንሥቶ አመሰገነ። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን የቅዳሴ ክፍል «አኮቴተ ቍርባን» ማለትም የቍርባን ምስጋና ብላ የምትጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን የምንቀበለው ከመከራው ዋዜማ ከቀረበው ምስጋና ነው።

እንግዲህ በማጣት፣ በኀዘን፣ በመከዳት ጊዜ ምስጋና አለ። «ምን አለኝና» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጌታችን ራሱ የቆመበት ቦታ ላይ ነው የቆመው። ብቻውን አይደለም።

3. ማዘንና ማጉረምረም ይለያያሉ

አንዳንድ ሰው ያመሰገነ ሰው ማልቀስ የለበትም ብሎ ያስባል። ይህ ስሕተት ነው። ጻድቁ ኢዮብ ልጆቹ ሲሞቱ ልብሱን ቀደደ፣ ራሱን ተላጨ፣ በምድርም ወደቀ፤ በዚያው ቦታ የእግዚአብሔርን ስም ባረከ (ኢዮ. 1፥20-21)። ነቢዩ ዕንባቆምም በለስ ባታፈራ፣ እርሻው እህል ባይሰጥ፣ በረቱ ባዶ ቢሆን እንኳ በአምላኩ ደስ እንደሚለው ተናገረ (ዕን. 3፥17-18)። የጠፋውን አንድ በአንድ ቆጥሮ ነው ይህን ያለው፤ ምንም እንዳልጎደለበት አላስመሰለም።

ማጉረምረም ግን ሌላ ነው። እስራኤል በምድረ በዳ መና እየበሉ የግብፅን ዱባና ሽንኩርት አስታወሱ (ዘኁ. 11፥4-6)። ዱባው ሲታወሳቸው ጅራፉ ተረሳቸው። እኛስ በጾሙ አጋማሽ የዶሮ ወጡን እያሰብን ፊታችንን ስናጠቁር ከእነርሱ በምን እንለያለን? ያዘነ ሰው ወደ እግዚአብሔር ያለቅሳል፤ ያጉረመረመ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ያወራል።

ይህን ስንል ግን አንድ ነገር እንጠንቀቅ። ልቅሶ ቤት ገብቶ «ተመስገን በሉ እንጂ ለምን ታለቅሳላችሁ?» ማለት አይገባም። ሐዋርያው የሚያዝነው ከሚያለቅሱ ጋር ማልቀስን ነው (ሮሜ 12፥15)። አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ቡና አፍሉ፤ ዝም በሉ። ባሏ የሚደበድባትንም ሴት «ተመስገን ብለሽ ቻዪው» ማለት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ግፍን መደበቅ ምስጋና አይባልም። ታሞ «ተመስገን» እያለ መድኃኒቱን የሚያቋርጥም ተሳስቷል። ሐኪምን የፈጠረ፣ መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር መሆኑን መጽሐፈ ሲራክ ይነግረናል (ሲራ. 38፥1-8)። ጠበሉንም መድኃኒቱንም ከአንድ አምላክ እጅ ተቀበሉ።

4. የተመለሰው አንዱ

አሥር ለምጻሞች ተፈወሱ (ሉቃ. 17፥11-19)። ዘጠኙ መንገዳቸውን ቀጠሉ፤ አንዱ ግን በታላቅ ድምፅ እያመሰገነ ተመለሰ፤ እርሱም ሳምራዊ ነበር። እኮ ዘጠኙም ተፈውሰዋል! ጌታችን ስላላመሰገኑት ለምጹን አልመለሰባቸውም። የቀረባቸው ሌላ ነገር ነው፤ ተመልሰው በእግሩ ሥር መውደቅ ቀረባቸው። ስጦታውን ይዘው ሰጪውን ሳያገኙ ሄዱ።

በጾሙ አራተኛ ሰንበት የምናስበው መፃጉዕም ሠላሳ ስምንት ዓመት በአልጋ ላይ ኖሮ በጌታችን ቃል ተነሣ (ዮሐ. 5፥1-14)። አባቶች በትውፊት እንደሚያስተምሩን ግን በዕለተ ዓርብ ጌታችንን በጥፊ የመታው ይኸው ሰው ነው። የዳነችውን እጅ በአዳኙ ላይ አነሣት። ይህን ስንሰማ በመፃጉዕ እንፈርዳለን። እኛስ? ጤና የሰጠንን ጉልበት፣ ጸሎታችን ተሰምቶ ያገኘነውን ሥራ፣ በስለት የተወለደውን ልጅ ለምን እያዋልነው ነው?

5. በጾሙ ወራት ምን እናድርግ?

ሀ. ጠዋት ከስልክና ከሬዲዮ በፊት አመስግኑ። ነቢዩ ዳንኤል የሞት ዐዋጅ መጻፉን እያወቀ እንኳ ልማዱን አልተወም፤ በቀን ሦስት ጊዜ ተንበርክኮ ይጸልይና ያመሰግን ነበር (ዳን. 6፥10)። ውዳሴ ማርያም የምታደርሱ አድርሱ፤ የማትችሉ አቡነ ዘበሰማያትን ብቻ በማስተዋል ድገሙ። ስለ አንድ ነገርም በስሙ ጠርታችሁ አመስግኑ፤ «ዛሬ ሕፃኑ ሳያተኩሰው አደረ፤ ተመስገን» በሉ።

ለ. እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማችሁ ማዕድ ስትቀርቡ ቶሎ እጃችሁን አትስደዱ። የተራበ ሰው የደረቅ እንጀራን ዋጋ ያውቃል፤ ጾም ከሚያስተምረን አንዱ ይህ ነው። የዘራውን ገበሬ፣ የፈጨውን ወፍጮ ቤት፣ ጭስ እየጠጣች የጋገረችውን አስቡ።

ሐ. ሰውንም አመስግኑ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የሚለው ቃላችን ውስጡ ጸሎት አለው፤ «እኔ ውለታህን መክፈል አልችልም፣ እግዚአብሔር ስለ እኔ ይክፈልህ» ማለት ነው። ለእንግዳ እንለዋለን፤ በየቀኑ ውኃ ለምትቀዳልን የቤት ሠራተኛ፣ ለእናታችን፣ ለሚስታችን ግን አንለውም። ዛሬ ማታ ጀምሩ።

መ. የቀረውን ምሳ ለማን አደረጋችሁት? ሳንበላ የዋልነውን ኪሳችን ውስጥ ካስቀረነው ጾሙ ቁጠባ ሆነ። ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ እንደሆነ ያስተምራል (ኢሳ. 58፥6-7)። «ምን አለኝና» የሚል ጎረቤት ካላችሁ፣ እርሱ «ተመስገን» የሚልበትን ምክንያት እግዚአብሔር በእናንተ እጅ አስቀምጦ ይሆናል።

የተወደዳችሁ፣ አንደበቱ ለምስጋና አልታዘዝ ያለው ሰው በመካከላችሁ ካለ፣ እሑድ ወደ ቅዳሴ ይምጣ። አፉ ዝም ቢል እንኳ ይቁም። ካህኑ ለምስጋና ሲጋብዝ በቀኙም በግራውም የቆሙት «ይገባል» ብለው ይመልሳሉ፤ የእነርሱ ድምፅ የእርሱንም ዝምታ ይዞ ይወጣል። ሌላ እሑድ ደግሞ ዝም የሚለው ጎረቤቱ ይሆናል፤ ያን ጊዜ እርሱ ይመልስለታል።

ሃምሳ አምስቱን ቀን በምስጋና ጾመን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም እንድንደርስ የአምላካችን ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳን ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር አሜን።