ምርመራው ነጻ፣ ሕመሙ ግን አለ

በየክሊኒኩ ወረፋ ላይ እንዲህ ያለ ታካሚ አይጠፋም። ልቡ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ጨጓራው ያቃጥለዋል። ኢሲጂ ይነሳል፣ ደም ይሰጣል፣ ኤንዶስኮፒ ይታያል፤ ውጤቱ ነጻ ነው። «ምንም የለብህም» ይሉታል። እሱ ግን እያመመው ነውና ሌላ ክሊኒክ ይሄዳል። ሐኪሙ አልዋሸም፣ ታካሚውም አላስመሰለም። ጭንቀት ብዙ ጊዜ የሚናገረው በሰውነት በኩል ነው።

አንጎል «አደጋ አለ» ብሎ ሲያምን፣ አደጋው ኖረም አልኖረም፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል፣ ደም ወደ ጡንቻ ያደላል፣ ሆድ ይላወሳል። ትንፋሽም ይፈጥናል፤ ብዙ ሰው የሚሸበረው በዚህ ስለሆነ ጠጋ ብለን እንየው። ሳያስፈልግ ቶሎ ቶሎ ስንተነፍስ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል። ያኔ ጣትና የከንፈር ዙሪያ ይደነዝዛል፣ ራስ ይዞራል፣ አየር እየገባም ያጠረ ይመስላል። ሰውየው «መሞቴ ነው» ይላል፤ ይህ ሐሳብ ራሱ ተጨማሪ አድሬናሊን ይጠራል። እንዲህ ያለው ድንገተኛ የድንጋጤ ማዕበል በደቂቃዎች ውስጥ ጣሪያ ይነካና አብዛኛውን ጊዜ ይበርዳል። በዚያ ሰዓት አየር በኃይል መሳብ ያባብሰዋል፤ የሚረዳው ቀስ ብሎ መተንፈስ፣ በተለይም የሚወጣውን ትንፋሽ ማስረዘም ነው።

ይህን ያነበበ ሰው ግን ራሱን በራሱ እንዳይመረምር። ዳገት ሲወጡ የሚጀምር፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳትም፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስሮጥ ነው። ከመጠን በላይ የሚሠራ የእንቅርት ዕጢና ደም ማነስም ልብ ያስመታሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ ትክክል ነው፤ ተደጋጋሚው ኤንዶስኮፒ ነው የሚያሳስበኝ። ከሰዓት በኋላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» የሚለውም መጀመሪያ ስኒውን ይቁጠር። ጫትም ልብን ያፈጥናል። መጠጥ ማታ ያረጋጋ መስሎ ሌሊት ከእንቅልፍ ያባንናል።

ማዕበል የሌለው ጭንቀትም አለ። የቤት ኪራዩ ሲከፈል ሐሳቡ ወደ ልጁ ትምህርት፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይዞራል። ትከሻ ይገተራል፣ ትዕግሥት ያልቃል፣ ሐሳብ አይሰበሰብም። ሐኪሞች ይህን እንደ ሕመም ለመሰየም ስድስት ወር የዘለቀ መሆኑን ይጠይቃሉ፤ እርዳታ ለመፈለግ ግን ስድስት ወር መጠበቅ የለበትም።

ታዲያ መቼ ነው ሐኪም ዘንድ የሚኬደው? ፍርሃቱ ምን ያህል ከባድ ነው ከማለት ይልቅ ምን አስተወኝ ብሎ መጠየቅ የተሻለ ይመስለኛል። አንዲት ሴት ታክሲ ውስጥ ድንገት ያ ድንጋጤ ያዛት እንበል። በማግስቱ በእግሯ ሄደች፤ ቀለላት። ቀጥላ ሰው የሚበዛበት ገበያ ቀረች፣ ሰርግ ቀረች። በሸሸች ቁጥር አንጎሏ «አደጋው እውነት ነበር» ብሎ ይማራል። የንግግር ሕክምናው ይህን ገልብጦ፣ ከባለሙያ ጋር ደረጃ በደረጃ ወደ ሸሹት ቦታ መመለስን ያስተምራል። እንደ ሰርትራሊንና ፍሉክሰቲን ያሉ መድኃኒቶችም ይረዳሉ፤ ግን ሳምንታት ይፈጃሉ። ዲያዜፓም ቶሎ ያረጋጋል፣ ሆኖም ሱስ ስለሚያስይዝ ከጎረቤት ተለምኖ የሚዋጥ አይደለም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ለሚያምኑት ሰው ነግሮ ሆስፒታል መሄድ ነው።

«አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ስትገባ ታየች» መባልን ፈርተው የሚቀሩ ብዙ ናቸው። አንዳንድ አጠቃላይ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው፤ በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ መጀመርም ይቻላል። ጸበል የሚጠመቅ ሰውም መድኃኒቱን ሐኪሙን ሳያማክር ማቋረጥ የለበትም።

ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ «ልቤን ያመኛል» ብሎ ማቆም ወደዚያው ኢሲጂ ይመልሳል። መቼ እንደጀመረ፣ የት ሆነው እንደያዝዎ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ በእሱ ምክንያት ምን ምን እንደተዉ ይንገሩት።