በታኅሣሥ ወደ አንኮበር

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ማክሰኞና ረቡዕ ፈቃድ አለን። በረዶ ላይ መንሸራተት ያምረናል፤ ደብረ ብርሃንና አንኮበር እናገኝ ይሆን?

መልስ፦ የሚንሸራተቱበት በረዶ የለም። በክረምት የሚጥለው ጠጣር በረዶ ወዲያው ይቀልጣል። በ2006 እ.ኤ.አ. በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያ የተወዳደረው ሮቤል ተክለማርያምም ስፖርቱን የተማረው ውጭ አገር ነው።

ውርጭ ግን አለላችሁ፤ እኔ እሱን እመርጥላችኋለሁ። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ሲጠራ መሬቱ የቀኑን ሙቀት ሌሊት ይለቃል፤ ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ ረባዳው ላይ ይተኛል። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለው መስክ ንጋት ላይ ነጭ የሚሆነው ለዚህ ነው። ፀሐይ ሳትበረታ ውጡ!

ማክሰኞ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ ደብረ ብርሃን እደሩ፤ ረቡዕ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ አንኮበር ቀጥሉ። የምኒልክ ቤተ መንግሥት በነበረበት ኮረብታ ሎጅ አለ፤ በገደሉ አፋፍ ጭላዳ ታያላችሁ። ረቡዕ ጾም ስለሆነ ሽሮና ምስር ጠብቁ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም አጣሩ። ለሌሊቱ ደግሞ ከመንዝ በግ ፀጉር የተሠራ ባና ያዙ፤ ጋቢ ብቻውን አይበቃም።