ምንጭ በአንድ ሰው አይጠበቅም

ወንድሞቻችን ገበሬዎች፤ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አገር ዝናብ በዓመት ከ1500 ሚሊሜትር በላይ ይወርዳል። ታዲያ በበጋ ምንጩ ስለ ምን ይቀጥናል? ከበላዩ ያለው መሬት ሲራቆት የክረምቱ ውሃ ሳይሰርግ በጎርፍ ስለሚሄድ ነው። ቡና በሚታጠብበትም ጊዜ የላይኛው ሰው ልጣጩን ከወንዝ ቢጥል የታችኛው የሚጠጣውን ያጣል።

ስለዚህ ለቀማ ሳይጀመር መንደሩ በደቦ ወጥቶ ይህን ይሥራ፦

1ኛ/ ከምንጩ በላይ ያለውን ዛፍ መጠበቅ፣ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ መቆፈር፤

2ኛ/ ምንጩን ማጠር፣ ከብት የሚጠጣበትን ከበታች መለየት፤

3ኛ/ ልጣጩን ከወንዝ ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ ማጠራቀም፤ ሲበሰብስ ለቡናው ማዳበሪያ ይሆናል።

የልማት ሠራተኛም የላዩንና የታቹን መንደር በአንድነት ያማክር። የአንዱ እጣቢ ለሌላው መጠጥ እንዳይሆን መስማማት ከቦዩ ይቀድማል።