እንባና ሳቅ በወረራ ዘመን



በናዚዎች ቀንበር ሥር የነበረውን ኑሮ ከሚተርኩ ፊልሞች አንዳንዶቹ ተመልካቹን እያሳቁ ያስለቅሱታል። «በሰው መከራ እንዴት ይሳቃል?» የሚል ጥያቄ ማስነሣታቸው አይቀርም። ጥያቄው እኛንም ይመለከታል፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበሩትን አምስቱን የወረራ ዓመታት ለልጆቻችን እንዴት እንተርክላቸው ከሚለው ጋር የተያያዘ ነውና።

በቅድሚያ ጣልያናዊው ሮቤርቶ ቤኒኚ እ.ኤ.አ. በ1997 የሠራውን «ሕይወት ውብ ናት» የተሰኘውን ፊልም እንመልከት። ጊዶ የተባለው አይሁዳዊ አባት ከትንሽ ልጁ ጋር ወደ ማጎሪያ ሰፈር ይጋዛል። ልጁ እንዳይሸበርም፣ የሚያየው ሁሉ ሽልማት ያለው ጨዋታ እንደ ሆነ ይነግረዋል። በመጨረሻ አባት ይገደላል፤ ልጅ ይተርፋል።

ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው፤ በዚያን ጊዜ አገራችንም በፋሽስቶች እጅ ነበረች። ፊልሙ ይህን አልዘነጋም። በአንድ የመተጫጨት ግብዣ ላይ «የኢትዮጵያ ኬክ» የተባለ ግዙፍ ኬክ ይቀርባል። ጎንደርንና ባሕር ዳርን በጦር ኃይል የያዘው መንግሥት ደም ያፈሰሰበት አገር፣ ለግብዣው የጣፋጭ መጠሪያ ሆነ ማለት ነው። በሌላ ትዕይንት ጊዶ ከሮም የተላከ ተቆጣጣሪ መስሎ ትምህርት ቤት ይገባል፤ የዘር የበላይነትን ለማስረዳትም የራሱን ጆሮና እምብርት በማስረጃነት ያሳያል። ከዚህ ሳቅ በስተ ጀርባ መራራ እውነት አለ። የፋሽስት መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1938 በአይሁድ ላይ የዘር ሕግ ከማውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በቅኝ ግዛቱ ጣልያናውያን ከአገሬው ተወላጆች ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖሩ በእስራት የሚቀጣ ሕግ ደንግጎ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1965 በቼኮዝሎቫኪያ የተሠራው «በዋናው መንገድ ያለው ሱቅ» ደግሞ ስለ ደካማ ሰው ይናገራል። ቶኖ የተባለ ድኻ አናጢ የአንዲት አይሁዳዊት አሮጊት ሱቅ ባለ ሥልጣን ሆኖ ይሾማል። ጆሮዋ የደከመው አሮጊት ግን ሊረዳት የመጣ ይመስላታል። እስከዚህ ድረስ እንስቃለን። አይሁዳውያኑ የሚጋዙበት ቀን ሲደርስ ግን ቶኖ በፍርሃትና በመጠጥ ይናወጣል፤ ሊደብቃት ሲገፋት ወድቃ ትሞታለች፤ እርሱም ራሱን ይሰቅላል። ባንዳነት ሁልጊዜ ከጭካኔ ብቻ አይወለድም፤ ከፍርሃትና ከጥቅም ጥቂት በጥቂት ይበቅላል።

በአገራችንስ? ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላ ግራዚያኒ ተረት ነጋሪዎችና ጠንቋዮች እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ። አውሮፕላንና መድፍ የነበረው ገዢ የባዶ እጅ ሰዎችን አንደበት ፈራ። የጎጃም ደብረ ኤልያስ ተወላጅ የሆኑት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤም ዘመኑን በሱዳን በስደት አሳልፈዋል፤ የወረራውን ነገር «አፋጀሽኝ» በተሰኘው ቴአትራቸው አንሥተውታል። ቅኔ ለሚያውቅ ሕዝብ የእነዚህ ፊልሞች ስልት እንግዳ አይሆንበትም፤ ሰሙ ሳቅ፣ ወርቁ ኀዘን ነው።

እንግዲህ ሁለት መለኪያዎችን እንያዝ።

አንደኛ፤ ሳቁ በማን ላይ ነው? በገዢው ትዕቢትና በራሳችን ፍርሃት ላይ ከሆነ ያስተምራል፤ በተበዳዩ ላይ ከሆነ ግን ሁለተኛ በደል ነው።

ሁለተኛ፤ ሳቁ የት ላይ ያቆማል? እ.ኤ.አ. በ1940 በ«ታላቁ አምባገነን» ሂትለርን መሳለቂያ ያደረገው ቻርሊ ቻፕሊን፣ የማጎሪያ ሰፈሮቹን ትክክለኛ ሰቆቃ ቢያውቅ ኖሮ ፊልሙን ሊሠራው እንደማይችል ከዓመታት በኋላ ጽፏል። ሳቅ ከመቃብር ደጃፍ ሲደርስ ዝም ማለት ይገባዋል።

የወረራውን ዘመን በዓይናቸው ያዩ አረጋውያን በጣና ዳርቻም ሆነ በሌላ ስፍራ ዛሬ ጥቂቶች ናቸው። ከጀግንነቱና ከእልቂቱ ጋር ቀልዱንና ምጸቱንም ጠይቀን ብንጽፍ፣ አባቶቻችን ሐውልት ብቻ ሳይሆኑ የሚፈሩና የሚስቁ ሰዎችም እንደ ነበሩ ልጆቻችን ያውቃሉ።

ለውይይት፦ በቤታችሁ ስለ ወረራው ዘመን የሚነገር የሚያስቅ ታሪክ አለን? ሳቁስ በማን ላይ ነው?