ብስክሌት በዳገትና በቁልቁለት፦ የደጋ ከተማ ፊዚክስ ለብስክሌተኞች

ከአራት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ፣ ከዚያም ወደ ስድስት ኪሎ በእግሩ የተጓዘ ተማሪ ሁሉ መንገዱ ወደ ሰሜን በሄደ ቁጥር ከፍ እያለ እንደሚመጣ ያውቃል። ከስድስት ኪሎ በላይ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ሲኬድ ዳገቱ ይበረታል። ከፒያሳ ማዘጋጃ ቤት ሥር የሚነሣው የቸርችል ጎዳና ደግሞ ወደ ለገሐር ቁልቁል ይወርዳል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ባለው መንገድ የብስክሌት መስመር ከተሠራ ወዲህ ለመዝናናት ብስክሌት የሚነዱ ወጣቶች በአካባቢው ይታያሉ።

ብስክሌት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት የሜልበርን ኦሎምፒክ (1949 ዓ.ም.) ገረመው ደንቦባን የመሳሰሉ ብስክሌተኞች ተወዳድረውላታል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ስለ ተወዳዳሪዎች ማውራት አይደለም። በትርፍ ጊዜው ብስክሌት የሚነዳ ሰው በክፍል ውስጥ የተማረውን ፊዚክስ ለጤናውና ለደኅንነቱ እንዴት ሊጠቀምበት እንደሚችል ማሳየት ነው።

ብስክሌተኛውን የሚቃወሙ ሦስት ጉልበቶች

ወደ ፊት የሚጓዝን ብስክሌተኛ ሦስት ጉልበቶች ይቃወሙታል። አንደኛው የአየር ግፊያ ነው። ሁለተኛው ጎማው በመንገዱ ላይ ሲሽከረከር የሚፈጠረው ፍትጊያ ሲሆን፣ ሦስተኛው በዳገት ላይ ወደ ኋላ የሚጎትተው የስበት ጉልበት ነው።

ለስሌታችን እንዲመች የነጂውና የብስክሌቱ ግዝፈት በድምሩ 75 ኪሎ ግራም ነው እንበል። መንገዱ 5 በመቶ ዳገት ይኑረው፤ ይህም ማለት በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር ከፍ ይላል ማለት ነው። ነጂው በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር (በሴኮንድ 2.8 ሜትር ያህል) ቢጓዝ በየሴኮንዱ 0.14 ሜትር ወደ ላይ ይወጣል። ስበትን ለማሸነፍ ብቻ የሚያስፈልገው ኃይል እንግዲህ 75 × 9.8 × 0.139 = 102 ዋት ይሆናል። ለጎማው ፍትጊያ 16 ዋት፣ ለአየሩ ደግሞ 6 ዋት ያህል ሲጨመርበት ድምሩ 124 ዋት ይመጣል።

ከዚህ ስሌት የምንማረው ቁም ነገር በዳገት ላይ ዋናው ባላጋራ ክብደት መሆኑን ነው። ከጠቅላላው ኃይል ከአምስት እጅ አራቱን የሚወስደው ስበት ነው። ስለዚህ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ጎንበስ ብሎ አየርን ለመሸሽ ከመጣር ይልቅ በጀርባው የያዘውን አላስፈላጊ ዕቃ ቤቱ ቢተው ይጠቀማል።

ስስ አየር፦ ጥቅሙና ጉዳቱ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በአማካይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በ2,450 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። የአየሩም እፍግታ፣ ማለትም በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው የአየር ግዝፈት፣ ከ1.2 ኪሎ ግራም ወደ 0.9 ኪሎ ግራም ገደማ ዝቅ ይላል።

የዚህ ውጤት ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል አየሩ ስለሳሳ ግፊያው ይቀንሳል። ቤልጅጋዊው ኤዲ ሜርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 በአንድ ሰዓት ውስጥ 49.431 ኪሎ ሜትር በመጓዝ ክብረ ወሰን ሲያስመዘግብ ሜክሲኮ ሲቲን የመረጠው በከተማዋ ከፍታ ምክንያት ነበር። በሌላ በኩል ግን በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በዚያው መጠን ይቀንሳል። ከቆላ የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቶሎ ቢደክመው ሊደነቅ አይገባም። ሰውነቱ እስኪላመድ ድረስ አጫጭር ጉዞዎችን ቢመርጥ፣ ሲነዳም ከጓደኛው ጋር መነጋገር እስከሚችልበት ደረጃ ብቻ ቢደክም ይበጀዋል።

ማርሽን በወቅቱ መቀየር

መጠነኛ ልምምድ ያለው ሰው ለረጅም ጊዜ ሊያወጣ የሚችለው ኃይል ከ100 እስከ 150 ዋት ገደማ ነው። ይህንን ኃይል ጉልበትን ሳይጎዱ ለማውጣት የሚረዳው ማርሽ ነው። የፊቱ ጥርስ 28፣ የኋላውም 28 ሲሆን ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማውም አንድ ጊዜ ይዞራል። የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ከሆነ፣ በደቂቃ 70 ጊዜ የሚያዞር ሰው በሰዓት 8.8 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ፊቱ 48፣ ኋላው 16 በሆነ ከባድ ማርሽ ግን ያንኑ ፍጥነት ለማግኘት በደቂቃ 23 ጊዜ ያህል ብቻ ያዞራል፤ በእያንዳንዱ ዙር ፔዳሉ ላይ የሚያሳርፈው ጉልበትም ሦስት እጥፍ ይሆናል። ይህ ሸክም የሚያርፈው በጉልበት መገጣጠሚያ ላይ ነው። ማርሹን ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ማቅለል ካቴናውንም ከመበጠስና ከመውለቅ ያድነዋል።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይልቅ ያሳስባል

ስስ አየር ትልቁን አደጋ የሚያመጣው በቁልቁለት ላይ ነው። ብስክሌተኛው ፔዳል ሳይመታ በ5 በመቶ ቁልቁለት ቢወርድ ፍጥነቱ እየጨመረ ሄዶ የአየሩ ግፊያና የጎማው ፍትጊያ ከስበት ጉልበት ጋር እኩል ሲሆኑ ይረጋል። በባሕር ወለል ይህ ፍጥነት በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በእኛ ከፍታ ግን አየሩ የሚይዘው በጥቂቱ ስለሆነ ወደ 38 ኪሎ ሜትር ከፍ ይላል።

ይህ ብስክሌት በምን ያህል ርቀት ይቆማል? ነጂው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ 1 ሴኮንድ ይፈጅበታል እንበል። በዚሁ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ በደረቅ መንገድ በየሴኮንዱ ከፍጥነቱ 3.5 ሜትር በሴኮንድ፣ በዝናብ ጊዜ ደግሞ 1.5 ሜትር በሴኮንድ ይቀንሳል ብለን ብናሰላ የሚከተለውን እናገኛለን።

በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር፦ በደረቅ 10 ሜትር፣ በዝናብ 16 ሜትር
በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር፦ በደረቅ 18 ሜትር፣ በዝናብ 31 ሜትር
በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር፦ በደረቅ 26 ሜትር፣ በዝናብ 48 ሜትር

ፍጥነቱ ከ20 ወደ 38 ሲያድግ እጥፍ እንኳ አልሞላም፤ በዝናብ የመቆሚያው ርቀት ግን ሦስት እጥፍ ሆኗል። ምክንያቱም ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው የእንቅስቃሴ አቅም በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ ነው። ሚኒባስ ድንገት ተሳፋሪ ለማውረድ በሚቆምበት ጎዳና ላይ በ16 ሜትርና በ48 ሜትር መካከል ያለው ልዩነት የሕይወትና የሞት ልዩነት ሊሆን ይችላል።

የፍሬን አያያዝ

ከእንጦጦ እስከ አምስት ኪሎ ያለውን የከፍታ ልዩነት በግምት 500 ሜትር ብንል፣ በመውረድ ጊዜ የሚለቀቀው አቅም 75 × 9.8 × 500 = 367,500 ጁል ይሆናል። ይህ በአዲስ አበባ አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ከበቂ በላይ ነው። በዝግታ የሚወርድ ሰው አብዛኛውን የሚያጠፋው በፍሬን ስለሆነ የፍሬኑ ጎማና ቸርኬው ይግላሉ፤ ሙቀቱ ሲበዛ የውስጡን ጎማ እስከ ማፈንዳት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ፍሬንን ያለማቋረጥ ይዞ ከመውረድ፣ ያዝ ለቀቅ እያደረጉ በመካከሉ እንዲቀዘቅዝ ዕድል መስጠት፣ ረጅም ቁልቁለት ላይም ቆም ብሎ ማረፍ ይገባል።

ብስክሌት ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ይሸጋገራል። የኋላው ጎማ ስለሚቀል ፍሬኑ ቶሎ ያንሸራትተዋል፤ የማቆሙን ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው የፊቱ ነው። የፊቱን ብቻ በድንገት አጥብቆ መያዝ ግን ነጂውን በመሪው ላይ አሻግሮ ሊጥለው ይችላል። ትክክለኛው ዘዴ ሁለቱንም በአንድነት እየጨመሩ መያዝ፣ ሰውነትንም ወደ ኋላ ማሸሽ ነው። በመታጠፊያ ላይ ሳይሆን ከመታጠፊያው በፊት ፍጥነትን መቀነስ ያስፈልጋል። በክረምት የቦይ ክዳኖችና የመንገድ ቀለም ስለሚያሟልጩ በእነርሱ ላይ ፍሬን መያዝ አይገባም።

ከመነሣት በፊት

ጎማው በበቂ መነፋቱን፣ ሁለቱም ፍሬኖች መያዛቸውን፣ ካቴናው መቀባቱንና ጎማዎቹን የሚይዙት ብሎኖች መጥበቃቸውን ማረጋገጥ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የራስ ቁር ማድረግ፣ ውሃ መያዝ፣ ሲመሽም መብራትና ደማቅ ልብስ መጠቀም ግድ ነው።

የመንገዱን ዘንበልታ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። 1 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ እንጨት አንዱን ጫፍ መንገዱ ላይ አሳርፎ፣ በግማሽ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በጎኑ በላዩ አስተኝቶ ውሃው እስኪስተካከል ድረስ ሌላውን ጫፍ ማንሣት ይበቃል። ከተነሣው ጫፍ እስከ መንገዱ 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ዘንበልታው 5 በመቶ ነው።

መልመጃ

1. ከላይ በተሰጠው ግዝፈት 8 በመቶ ዳገትን በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ስበትን ለማሸነፍ ብቻ ስንት ዋት ያስፈልጋል?
2. ነጂው ስልክ ሲመለከት ፍሬን እስኪይዝ 2 ሴኮንድ ቢፈጅበት፣ ከላይ የተዘረዘሩት ርቀቶች እያንዳንዳቸው ስንት ይሆናሉ?
3. በየቀኑ የምትመላለሱበትን አንድ መንገድ በእንጨትና በጠርሙስ ለኩ። በዝናብ ቀን በ16 ሜትር ውስጥ ለመቆም ከምን ያህል ፍጥነት ማለፍ እንደሌለባችሁም አስሉ።