ንጉሡ ስለ ምን በአህያ መጣ?

በሆሣዕና በዓል ዘንባባ ይዘን በቆምን ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚሰበክልን፥ ጌታችን ትሑት ስለ ሆነ የድሀ ከብት በሆነችው በአህያ ተቀመጠ የሚል ነው። ይህ ቃል ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን እኩሌታ ነው። ሌላው እኩሌታ ሳይነገር ሲቀር ምእመናን ትሕትናን፥ ሥልጣን የሌለው ሰው የሚለብሰው ልብስ አድርገው ያስባሉ።

በጥንት እስራኤል አህያና በቅሎ የውርደት ከብቶች አልነበሩም። ከመሳፍንት አንዱ የሆነው ኢያዕር ሠላሳ ልጆች እንደ ነበሩትና በሠላሳ አህዮች ይቀመጡ እንደ ነበር መጽሐፈ መሳፍንት (10፥4) ያስረዳል። በዳዊት ቤት የሆነው ደግሞ ነገሩን ይልቁን ይገልጠዋል። አቤሴሎም ዙፋን በተመኘ ጊዜ ሰረገላና ፈረሶች፥ በፊቱም የሚሮጡ 50 ሰዎች አዘጋጀ። ኋላም አዶንያስ ያንኑ አደረገ፤ የሯጮቹ ቍጥር እንኳ ያው 50 ነው። ሰሎሞን ግን ምንም አላዘጋጀም፤ በአባቱ በቅሎ ላይ አስቀምጠው ወደ ግዮን አወረዱት፥ ካህኑ ሳዶቅም በዚያ ቀባው። መሲሕ ማለት የተቀባ ማለት ነውና፥ ራሱን በራሱ የሚቀባ መሲሕ ከቶ የለም። ንግሥናን ከአባቱ የሚቀበል ሰው ሯጭ አያስፈልገውም።

ነቢዩ ዘካርያስም (9፥9-10) የሚመጣውን ንጉሥ በአህያ ውርንጫ ላይ ካሳየን በኋላ፥ ሰረገላ ከኤፍሬም፥ ፈረስም ከኢየሩሳሌም እንደሚጠፋ ወዲያው አስከተለ። እንግዲህ አህያዪቱ የመንግሥቱ ዐዋጅ ናት። ሕዝቡ እንጀራ በልተው በጠገቡ ጊዜ በግድ ሊያነግሡት ቢሹ ጌታችን ብቻውን ወደ ተራራ ፈቀቅ አለ (ዮሐ. 6፥15)፤ ያ ያቀረቡለት ንግሥና የአዶንያስ ዓይነት ነበርና። ወደ ሞት ሲሄድ ግን የሆሣዕናን ምስጋና አልከለከለም።

አንዳንዶች ትሕትናው እስከ መስቀል ነው፥ ንግሥናው ከትንሣኤ በኋላ ጀመረ ይላሉ። እኔ ይህን አልቀበልም። ጲላጦስ በሦስት ቋንቋ ያስጻፈው የንጉሥነቱ ጽሕፈት የተለጠፈው በመስቀሉ ላይ ነው፤ የካህናት አለቆች እንዲለወጥ ቢጠይቁም አልተለወጠም። ደግሞም ወንጌላዊው ዮሐንስ (13፥3-5) ጌታ አብ ሁሉን በእጁ እንደ ሰጠው ዐውቆ ከማዕድ ተነሣ ይላል፤ ሁሉን የያዘው ያ እጅም የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ። ሥልጣኑን ስላልዘነጋ አጠበ እንጂ ዘንግቶ አላጠበም።

ይህን የምጽፈው ከበደል ንጹሕ ሆኜ አይደለም። በቆሎ ተማሪነቴ ዘመን ቁራሽ ለምኜ ስበላ ራሴን ከትሑታን እቈጥር ነበር፤ ያ ግን ችግር እንጂ ትሕትና አልነበረም። ቅስና ከተቀበልሁ በኋላ፥ በአንድ ጸሎተ ሐሙስ ሕጽበተ እግር ሲፈጸም፥ የታወቁትን ሰዎች እግር በጥንቃቄ አጥቤ፥ በመጨረሻ የቆሙትን ነዳያን ውሃ ብቻ እያስነካሁ አለፍኋቸው። አንዲት አሮጊት እናት እግራቸውን ሳይሰበስቡ ቆዩና፥ «አባቴ፥ አለቀ?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎን፥ እናቴ» ብዬ አለፍሁ።

ከዚያ ወዲህ ያን ሥርዓት ስፈጽም ከሰልፉ መጨረሻ እጀምራለሁ።