ውስጡ ዱቄት የያዘ የብየዳ ሽቦ ለእርሻ መሣሪያ ጥገና

በአርሲና በባሌ የስንዴ አዝመራ ደርሶ ሳለ አንድ ኮምባይነር ተሰብሮ ከማሳ ላይ ቢቆም፥ ባለ እርሻው የሚጎዳው በጥገናው ዋጋ ብቻ አይደለም። የደረሰው እህል ቢረግፍ ወይም ዝናብ ቢያገኘው የዓመት ድካሙ ይባክናል። ስለዚህ የብየዳ ዕቃ የሚያስመጣም ሆነ የሚሸጥ ነጋዴ የሸቀጡን ጠባይ ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

ይህ ሽቦ ሲያዩት ድፍን ይምሰል እንጂ እንደ ቀጭን ቧንቧ ሆኖ በመካከሉ ፍላክስ የሚባል ዱቄት የያዘ ነው። ዓይነቱም ሁለት ነው። በአንደኛው፥ ዱቄቱ ሲነድ የሚወጣው ጋዝና በላዩ የሚረጋው ቅርፊት የቀለጠውን ብረት ከአየር ስለሚጠብቁት የጋዝ ሲሊንደር አያስፈልገውም። ሁለተኛው ግን ከውጭ ጋዝ ካልተነፋበት ብየዳው ቀዳዳ ያበዛል። በሜዳ ላይ ነፋስ ጋዙን ስለሚበትነው ለማሳ ሥራ የሚመረጠው አንደኛው ነው።

ሁለቱ በመልክ ስለሚመሳሰሉ የሚለዩት በጥቅሉ ላይ በታተመው ምልክት ነው። በአሜሪካ የብየዳ ማኅበር ደንብ «ኢ71ቲ-11» ያለ ጋዝ፥ «ኢ71ቲ-1» ደግሞ በጋዝ የሚሠሩ ናቸው። «ኢ71ቲ-ጂኤስ» የተባለው ለአንድ ዙር ብየዳ ብቻ የተመደበ ስለሆነ ተደራርቦ ለሚበየድ ወፍራም ብረት አይሆንም።

ነጋዴው ከመሸጡ በፊት ገዢውን ስለ መበየጃ መኪናው ሊጠይቀው ይገባል። «ኢ71ቲ-11» የሚሠራው ሽቦው ከነጌቲቭ፥ የመሬቱ መያዣ ከፖዘቲቭ ሲገናኝ ነው፤ ይህን መለዋወጥ የማይችል መኪና አይስማማውም። ሽቦው ለስላሳ ስለሆነ ጥርስ ያለው መግፊያ ጎማ ቢኖረው ሳይጨፈለቅ ይሄዳል። ለትንንሽ መኪናዎች የሚስማማው ውፍረት 0.8 ወይም 0.9 ሚሊሜትር ነው።

ዱቄቱ እርጥበት ከሳበ፥ ሽቦውም ከዛገ ብየዳው ይበላሻል። ስለዚህ ጥቅሉ እንደታሸገ፥ ከወለል ከፍ ባለ ደረቅ መደርደሪያ ይቀመጥ፤ ቀድሞ የገባውም ቀድሞ ይሸጥ።

በመጨረሻም ሽቦው ሁሉን እንደሚጠግን አድርጎ ማመስገን አይገባም። ዝገት፥ ቀለምና ቅባት አስቀድሞ መጠረግ አለበት። እንደ ማረሻ ዲስክ ያለ ጠንካራ ብረት ሳይሞቅ ቢበየድ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ በቅርጽ ለፈሰሰ ብረትም ይህ ሽቦ አልተሠራም። ይህን አስቀድሞ የነገረ ባለሱቅ ደንበኛውን አያጣም።